«ስድስት ስታዲየም በስድስት ቀን» ለሚለው የቤዝቦል ጉዞ ገንዘብ ከመላካችሁ በፊት

የቤዝቦል ወቅት ማርች መጨረሻ ላይ ሲከፈት ይህ ማስታወቂያ አብሮ ይከፈታል። ናሽናልስ ፓርክ፣ ካምደን ያርድስ፣ ሲቲዝንስ ባንክ ፓርክ፣ ያንኪ ስታዲየም፣ ሲቲ ፊልድ፣ ፌንዌይ ፓርክ፤ ከዋሽንግተን እስከ ቦስተን ስድስት ስታዲየም በስድስት ቀን፣ ሆቴልና መጓጓዣ ተጨምሮ፣ «ቦታው ሳያልቅ በዜል ላኩ»። ጉዞው ራሱ ግሩም ነው። መንገዱ አይ-95 ነው፣ ከተሞቹም ተቀራራቢ ናቸው። ችግሩ የሚሸጠው ነገር ነው። የጨዋታው ቀን፣ ተጋጣሚው፣ የመቀመጫው ክፍልና ረድፍ ካልተጻፈ የምትገዙት የአውቶቡስ ወንበር ነው እንጂ ቤዝቦል አይደለም።

ማስታወቂያው ላይ «እንጎበኛለን» የሚል ካለ እዚያ ላይ ቁሙ። ብዙዎቹ ስታዲየሞች ጨዋታ በሌለበት ሰዓት ባዶውን ሜዳ በአስጎብኚ የሚያሳይ ቱር ለብቻው ይሸጣሉ፤ ዋጋውም ከጥሩ የጨዋታ መቀመጫ በጣም ያነሰ ነው። «ስድስት ስታዲየም» የሚለው ፓኬጅ ሁለት ጨዋታ፣ ሁለት ቱርና ሁለት ቦታ በር ላይ ፎቶ መነሳት ሆኖ ሊያርፍ ይችላል፤ ወረቀቱን ስታነቡትም ውሸት አይደለም። ስለዚህ ጥያቄው አጭር ይሁን፦ ስንት ጨዋታ? ከማን ጋር? በስንት ሰዓት?

መልሱን ራሳችሁ በአሥር ደቂቃ ማረጋገጥ ትችላላችሁ። እያንዳንዱ የሜጀር ሊግ ቤዝቦል ቡድን በዓመት 162 ጨዋታ አለው፤ 81ዱ በሜዳው፣ 81ዱ ከሜዳው ውጭ ነው። ቡድኖች በሜዳቸው ጥቂት ቀን ተጫውተው ደግሞ ለቀናት ይወጣሉ። የኒው ዮርኮቹ ያንኪስና ሜትስ አንድ ከተማ ስለሆኑ አንዱ ሲገባ ሌላው እንዲወጣ ተደርጎ ነው ብዙውን ጊዜ መርሐ ግብሩ የሚዘጋጀው፤ አንዳንዴ ይገጥማሉ፣ ግን በዕድል የምትተማመኑበት ነገር አይደለም። ሰኞና ሐሙስ ደግሞ ብዙ ቡድኖች የሚያርፉበት ወይም የሚጓዙበት ቀን ነው። ጁላይ አጋማሽ ላይ በኦል-ስታር (የኮከብ ተጫዋቾች ጨዋታ) ዕረፍት ምክንያት ለቀናት መደበኛ ጨዋታ የለም፤ በዚያ ሳምንት ውስጥ ስድስት ጨዋታ የሚል ማስታወቂያ ካያችሁ ገጹን ዝጉት። የሊጉን መርሐ ግብር ክፈቱ፣ የስድስቱን ቡድን የሜዳ ቀናት አንድ ወረቀት ላይ ጎን ለጎን ጻፉ፣ ከአዘጋጁ ቀናት ጋር አስተያዩ። ስድስቱም የሚገጥሙበት ስድስት ቀን ማግኘት ከባድ ነው፤ የሚገጥም ካለም አዘጋጁ ከሁሉ በፊት የጨዋታዎቹን ዝርዝር ነበር የሚለጥፈው። የእሁድ ቀን ጨዋታ ለቴሌቪዥን ሲባል ወደ ማታ ሊዛወር እንደሚችልም አስቡ፤ ሰኞ ጠዋት ሥራ የሚገባ ሰው ይህን ቀድሞ ማወቅ አለበት።

የተቀዳ ማስታወቂያ በስታዲየም ስሞቹ ይታወቃል። «ሠላሳውንም የሊጉን ስታዲየም እናሳያለን» የሚለው ዝርዝር ላይ ኦክላንድ ኮሊሲየም ካለ ጸሐፊው ገጹን ከድሮ ቦታ ነው ያነሳው፤ አትሌቲክስ የተባለው ቡድን ተጫዋቾች እዚያ የመጨረሻውን ጨዋታ ያደረጉት በሴፕቴምበር 26 ቀን 2024 ሲሆን በ2025 ወደ ዌስት ሳክራሜንቶ ተዛውረዋል። የሂዩስተኑ ሜዳም ከ2025 ጀምሮ ዳይኪን ፓርክ ነው፤ ሚኒት ሜድ መባሉ ቀርቷል። ይህን የማያውቅ ሰው መርሐ ግብሩንም አላየውም።

ሰዓት ላይ የኛ ሰው በተለይ ይጠንቀቅ። 7፡05 ፒኤም እና 1፡05 ፒኤም ሁለቱም የተለመዱ የጨዋታ መጀመሪያ ሰዓቶች ናቸው። በአገር ቤት አቆጣጠር የመጀመሪያው ከምሽቱ 1፡05፣ ሁለተኛው ከቀኑ 7፡05 ይሆናል። በአማርኛ የተጻፈ ፕሮግራም ላይ «1፡05» ብቻ ካለ ግማሹ ተጓዥ ስድስት ሰዓት ቀድሞ ወይም ዘግይቶ ይደርሳል፤ አዘጋጁም «በሰዓቱ አልመጣችሁም» ብሎ ገንዘብ አይመልስም። በጽሑፍ ኤኤም ወይም ፒኤም ይጨመርበት።

ወደ መቀመጫው እንምጣ፤ ትልቁ ትርፍ የሚቆረጠው እዚህ ነው። «የጨዋታ ትኬት ተካትቷል» ማለት ወንበር የሌለው የቆሞ ማያ ትኬትም ሊሆን ይችላል፤ ብዙ ሜዳዎች ይሸጡታል። ፌንዌይ በ1912 የተከፈተ ሜዳ ነው። ጣሪያውንና የላይኛውን ክፍል የተሸከሙ ምሰሶዎች አሉት፤ ከምሰሶ ጀርባ ያለው ወንበር ትኬቱ ላይ «እይታ የተጋረደበት» ተብሎ ይሸጣል፣ ዋጋውም ይቀንሳል። በቀኝ ሜዳ በኩል ያሉት አሮጌ የእንጨት ወንበሮች ደግሞ ፊታቸው ወደ መምቻው ሳይሆን ወደ መሐል ሜዳ ነው፤ ሙሉውን ጨዋታ አንገት አጣምሞ ማየት ነው። የቺካጎው ሪግሊ ፊልድም (1914) ምሰሶ አለበት። በአዳዲሶቹ ላይ፣ ማለትም በናሽናልስ ፓርክ (2008)፣ በሲቲዝንስ ባንክ ፓርክ (2004) እና በ2009 በተከፈቱት ሁለቱ የኒው ዮርክ ሜዳዎች፣ ምሰሶው ባያስቸግርም ከፍታና ፀሐይ አለ፤ ከመምቻው ትይዩ፣ ከሜዳው ማዶ ያለው መቀመጫ በምሽት ጨዋታ መጀመሪያ ላይ የምትጠልቀውን ፀሐይ ፊት ለፊት ይጋፈጣል። ክፍል፣ ረድፍና የወንበር ቁጥር ሳይነግራችሁ ዋጋ የሚነግራችሁን አትመኑ።

ቁጥሩን ለምን አይነግሩም? ብዙ ጊዜ ትኬቱን ገና ስላልገዙት ነው። ገንዘባችሁን ሰብስበው ጨዋታው ሲቃረብ ዋጋ እስኪወርድ ይጠብቃሉ። ከወረደ ልዩነቱ የነሱ ነው፤ ከወጣ «ቡድኑ ሰረዘብን» ይሏችኋል። ሜሪላንድ በእጅ የሌለ ትኬት መሸጥን ከ2024 ጀምሮ በሕግ ከልክላለች። በፌዴራል ደረጃም ከሜይ 12 ቀን 2025 ጀምሮ የትኬትና የአጭር ጊዜ ማረፊያ ሻጭ ግዴታ የሆኑ ክፍያዎችን ሁሉ የያዘውን ጠቅላላ ዋጋ ከመጀመሪያው ማሳየት አለበት። መጨረሻ ላይ «የአገልግሎት» ብሎ የሚጨምርባችሁ ካለ ይህንን ንገሩት።

የሊጉ ትኬት ቦልፓርክ በሚባለው የሊጉ የስልክ አፕ ነው የሚያዘው። ትክክለኛው አሠራር አዘጋጁ ትኬቱን ወደ እናንተ አካውንት ማስተላለፉ ነው፤ ያኔ ቁጥሩን ታያላችሁ፣ በር ላይም የራሳችሁን ስልክ ታሳያላችሁ። ስክሪንሾት አትቀበሉ። ያው ምስል ለአሥር ሰው ሊላክ ይችላል፤ ቀድሞ የደረሰው ይገባል፣ ዘጠኙ በር ላይ ይቀራል። ደግሞም ጨዋታ ተሰርዞ ገንዘብ የሚመለስ ከሆነ የሚመለሰው መጀመሪያ ለገዛው ሰው ነው፤ ይኸውም አዘጋጁ ነው። «ቡድኑ ከመለሰ በ10 ቀን ውስጥ ለተጓዡ ይተላለፋል» የሚል መስመር ውሉ ላይ ይግባ።

ዝናብ ከመጣ ነገሩ ይከፋል። ከስድስቱ አንዱም መጫወቻውን ከዝናብ የሚሸፍን ጣሪያ የለውም። ጨዋታው ሳይጀመር በዝናብ ከተላለፈ ትኬታችሁ ለተተኪው ጨዋታ ይሠራል እንጂ በጥሬ ገንዘብ አይመለስም፤ ተተኪው ነገ ሊሆን ይችላል፣ ተጋጣሚው እንደገና ወደ ከተማዋ ሲመጣ ከሁለት ወር በኋላም ሊሆን ይችላል። እናንተ ግን ነገ ሌላ ከተማ ናችሁ። 5 ኢኒንግ (የጨዋታው ዙር) ካለቀ፣ ባለሜዳው እየመራ ከሆነ ደግሞ 4 ተኩል ካለቀ፣ ጨዋታው እንደተካሄደ ይቆጠራል፤ ከዚያ በኋላ ቢቋረጥ የምትጠይቁት ነገር የለም። ጥሩ አዘጋጅ በመሐል አንድ ባዶ ቀን ይተዋል። በስድስት ቀን ስድስት ሜዳ የሚል ይህን መተንፈሻ ሆን ብሎ አውጥቶታል።

መኪናውን ደግሞ በቁም ነገር መርምሩት፤ እዚህ የሚጠፋው ገንዘብ ብቻ አይደለም። ከዋሽንግተን ባልቲሞር 40 ማይል ገደማ፣ ከዚያ ፊላደልፊያ 100፣ ኒው ዮርክ ሌላ 95፣ ቦስተን ደግሞ 215 ነው። መመለሻው ከቦስተን ዋሽንግተን ወደ 440 ማይል ነው፤ መንገድ ባይዘጋ እንኳ 8 ሰዓት ያህል ይፈጃል። ማስታወቂያዎቹ ላይ «ከቦስተን ጨዋታ በኋላ ሌሊቱን እንመለሳለን» የሚል ካለ ሒሳቡን ሥሩ። ከስቴት ስቴት መንገደኛ በክፍያ የሚጭን ሾፌር 8 ሰዓት ሳያቋርጥ ካረፈ በኋላ ሊነዳ የሚችለው ቢበዛ 10 ሰዓት ነው። ያው ሾፌር ጠዋት ከኒው ዮርክ ቦስተን ሲነዳ ከ4 ሰዓት በላይ ጨርሷል። ጨዋታው ላይ የቆመበት ጊዜ 8 ሰዓት አይሞላም፤ በአማካይ አንድ ጨዋታ ከ2 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ብዙም አይርቅም። የቀረው ከ6 ሰዓት ያነሰ ነው፣ መንገዱ 8 ነው። ወይ ሁለተኛ ሾፌር አለ፣ ወይ የቦስተን ሆቴል አለ፣ ወይ ሕጉ ይጣሳል። የትኛው እንደሆነ ጠይቁ።

የአጓጓዡን ድርጅት የዩኤስ ዶት (የአሜሪካ ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት) ቁጥርም ጠይቁ። የፌዴራል የሞተር ተሽከርካሪዎች ደኅንነት አስተዳደር መዝገብ ላይ ማንም በነጻ ያየዋል፤ የመጫን ፈቃዱና ኢንሹራንሱ እዚያ ላይ አለ። 16 እና ከዚያ በላይ ወንበር ላለው መኪና 5 ሚሊዮን ዶላር፣ ለ15 እና ከዚያ በታች 1.5 ሚሊዮን ዶላር የኃላፊነት ሽፋን ግዴታ ነው። የተከራየ ባለ 15 ወንበር ቫን አምጥቶ «ወንድሜ ነው የሚነዳው» የሚል ካለ አትሳፈሩ፤ የግል ኢንሹራንስ በክፍያ የተጫነ ሰውን ብዙውን ጊዜ አይሸፍንም።

ሆቴሉ «ኒው ዮርክ አካባቢ» ከተባለ ኒው ጀርሲ ነው ብላችሁ ያዙ። ዋጋው ለሁለት ሰው በአንድ ክፍል መሆኑን፣ ብቻውን የሚያድር ስንት እንደሚጨምር በጽሑፍ ውሰዱ።

ምግብም ዋጋ ማሳበጫ ነው። «ያልተገደበ ምግብ ያለበት ክፍል» ማለት በአብዛኛው ሆት ዶግ፣ ናቾስና ለስላሳ ነው። ከኦገስት 7 እስከ 21 የሚወጣ ጉዞ ፍልሰታ ላይ ነው የሚወድቀው፤ ረቡዕና ዓርብም አለ። ለጿሚም፣ ሐላል ለሚበላም ያ ተጨማሪ ክፍያ ባዶ ነው። ካምደን ያርድስን ጨምሮ ብዙ ሜዳዎች ከውጭ ምግብ ማስገባት ይፈቅዳሉ፤ የቦርሳውን መጠን ግን ቀድማችሁ እዩ፣ የሊጉ ጣሪያ 16 በ16 በ8 ኢንች ነው፣ አንዳንድ ቡድኖች ከዚያም ያጠብቃሉ።

«ቶሮንቶን በነጻ ጨምረንላችኋል» የሚለው ከሁሉ አደገኛው ነው። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ጊዜው ያላለፈበት የአገሩን ፓስፖርትና ካርዱን ይዞ ካናዳ ያለ ቪዛ ይገባል። ሌላው የኢትዮጵያ ፓስፖርት ያዥ ቪዛ ያስፈልገዋል። የጥገኝነት ማመልከቻው ገና በሂደት ላይ ያለ ሰው ደግሞ ቀድሞ የመመለሻ ፈቃድ ሳይወስድ ከአሜሪካ ከወጣ ማመልከቻውን እንደተወ ይቆጠርበታል። ይህን የማይጠይቅ አዘጋጅ ስለናንተ አያስብም።

ስለ ክፍያው፦ በየወሩ የሚዋጣው ዓይነት እቁብ ይመስላል፤ እቁብ ግን ዳኛና ዋስ አለው። ዜልና ካሽ አፕ ራሳችሁ ፈቅዳችሁ ከላካችሁ እንደ ጥሬ ገንዘብ ናቸው። በክሬዲት ካርድ ክፈሉ። ሕጉ ያልተሰጠ አገልግሎትን ለመከራከር ክፍያው ከታየበት የመጀመሪያ የሒሳብ መግለጫ ጀምሮ 60 ቀን ይሰጣል፤ አንዳንድ ካርድ ሰጪዎች ከዚያም በላይ ይታገሳሉ። በኤፕሪል ሙሉውን ከፍላችሁ ጉዞው ኦገስት ከሆነ ግን የሕጉ ጊዜ ቀድሞ ያልቃል፤ ስለዚህ ቀብድ ትንሽ፣ ቀሪው ትኬቱ አካውንታችሁ ውስጥ ሲገባ። ሲያትል፣ ሎስ አንጀለስ ወይም ታምፓ ያላችሁ፣ በዋሽንግተን ስቴት፣ በካሊፎርኒያና በፍሎሪዳ የጉዞ ሻጭ መመዝገብ ግዴታው ነውና ቁጥሩን ጠይቁ።

ይህ ሁሉ ጣጣ ለማይፈልግ ሰው አዘጋጅ አያስፈልገውም። ሜዳዎቹ በከተማ ባቡር ይደረሳሉ፤ ናሽናልስ ፓርክ በዋሽንግተን ሜትሮ አረንጓዴ መስመር ኔቪ ያርድ ላይ ነው። ፊላደልፊያ በብሮድ ስትሪት መስመር መጨረሻው፣ ያንኪ ስታዲየም በ4 እና በዲ ባቡር 161ኛ ጎዳና፣ ሲቲ ፊልድ በ7፣ ፌንዌይ በቦስተኑ አረንጓዴ መስመር ኬንሞር። ከዋሽንግተን ወደ ባልቲሞር የሚሄደው የማርክ ባቡር ካምደን መስመር ቅዳሜና እሁድ አይሠራም፤ በፔን መስመር ሄዳችሁ ላይት ሬይል ያዙ። የተራ ማክሰኞ ማታ ትኬት በባልቲሞርና በዋሽንግተን ብዙ ጊዜ ከ20 ዶላር በታች ይገኛል። ይህን አስልታችሁ የአዘጋጁን ዋጋ ከጎኑ አስቀምጡ።

አስቀድማችሁ የከፈላችሁ ካላችሁ፣ ማስታወቂያው ሳይጠፋ ዛሬውኑ ስክሪንሾት አንሱ፤ የከፈላችሁበትን ማስረጃም አስቀምጡ። የጨዋታ ዝርዝር፣ የመቀመጫ ቁጥርና የዩኤስ ዶት ቁጥር በ5 ቀን ውስጥ እንዲልክ፣ ካልላከ ገንዘቡን እንዲመልስ በጽሑፍ ጠይቁ፤ በስልክ የተባለ አይያዝም። ዝም ካለ ካርድ ሰጪውን፣ የስቴቱን ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ የሸማቾች ክፍልና የፌዴራል ንግድ ኮሚሽንን አመልክቱ፤ በዜል የከፈላችሁም ባንካችሁን በዚያው ቀን አሳውቁ። የትንንሽ ክሶች ፍርድ ቤት በሜሪላንድና በቨርጂኒያ እስከ 5,000 ዶላር፣ በዲሲ እስከ 10,000 ዶላር ያያል፤ ጠበቃ ማቆም አያስፈልግም፣ እያንዳንዱ ተጓዥ የየራሱን ክስ ያስገባል።