ለአማርኛ እጅ ጽሑፍ የትኛው ፋውንቴን ፔን ይሻላል? አራት ርካሽ ብዕሮች ሲነጻጸሩ

ፋውንቴን ፔን የሚገዛ ሰው መጀመሪያ የሚያየው መልኩን ነው። ቀጥሎ ዋጋ ይጠይቃል። የጫፉ ውፍረት ትዝ የሚለው ቤት ገብቶ «ሜ» ብሎ ሲጽፍና ሦስቱም ቀለበቶች በቀለም ሲደፈኑ ነው። የእኛ ፊደል ቀለበቱም ቅጥያውም ብዙ ነው፤ ቀጭን ጫፍ ይፈልጋል። ስለዚህ አራቱንም ብዕሮች የምመዝናቸው መጀመሪያ በዚህ ነው።

አንድ ነገር ቀድሞ ይታወቅ። ጫፉ ላይ የተጻፈው ምልክት አንድ ቢሆንም ውፍረቱ አንድ ላይሆን ይችላል። የጃፓን «ኤፍ» (ቀጭን) ከጀርመን «ኤፍ» ይቀጥናል፤ የጀርመኑን «ኢኤፍ» (በጣም ቀጭን) ይጠጋል። የጀርመን «ኤም» (መካከለኛ) ይዞ ጠበብ ባለ መስመር ደብተር ላይ አማርኛ መጻፍ ትርፉ መናደድ ነው።

ፕላቲነም ፕረፒ እዚህ ካሉት ሁለት የጃፓን ብዕሮች ርካሹ ነው፤ አሜሪካ ውስጥ ከ10 ዶላር በታች ይገኛል። ጫፉ በቁጥር ነው የሚለየው፦ 02፣ 03 እና 05። 02 በጣም ቀጭን ስለሆነ ሻካራ ወረቀት ላይ ይቧጥጣል። ለአማርኛ የምመርጠው 03ን ነው። አካሉ ፕላስቲክ ነው፣ ክዳኑም ከጊዜ በኋላ ሊሰነጠቅ ይችላል። ግን ያው ክዳን ትልቁ ሀብቱ ነው። ውስጡ አየር የሚዘጋ ሌላ ትንሽ ክዳን ስላለው፣ ኩባንያው እንደሚለው ቀለሙ እስከ አንድ ዓመት አይደርቅም። በሳምንት አንዴ ብቻ ለሚጽፍ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። በተለይ በበጋ፣ ደጋው አየር ሁሉን ሲያደርቅ።

ፓይለት ሜትሮፖሊታን አካሉ ነሐስ ስለሆነ ከበድ ይላል፤ ለዋጋውም ከሚጠበቀው በላይ ያማረ ነው። «ኤፍ» ጫፉ «ሜ»ንም «ጬ»ንም ሳይደፍን ይጽፋል፣ ሳይቧጥጥም ይሄዳል። ከአራቱ አንድ ብቻ ግዛ ብባል እሱን እገዛለሁ። ሁለት ነገር ግን ልብ በሉ። እጀታው ከአካሉ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ደረጃ አለው፤ አንዳንድ ጣት አይወደውም። ሌላው፣ አውሮፓ ውስጥ «ኤምአር» ተብሎ የሚሸጠው የተለመደውን ዓለም አቀፍ ካርትሪጅ (ቀለም የተሞላ ተለዋጭ ቱቦ) ሲቀበል፣ የአሜሪካው የሚቀበለው የፓይለትን ብቻ ነው። ብዕሩን አክስታችሁ ከዋሽንግተን፣ ካርትሪጁን ወንድማችሁ ከፍራንክፈርት ከላኩላችሁ ላይገጥም ይችላል።

ላሚ ሳፋሪ ከ1980 ጀምሮ ያለ የጀርመን ብዕር ነው። መጀመሪያ የተሠራው ለተማሪዎች ነበር። እጀታው ጣት በትክክል እንዲያርፍ ተብሎ ሦስት ማዕዘን ሆኖ ተቀርጿል። አያያዛችሁ ከገጠመ ይመቻል፤ ካልገጠመ ሁልጊዜ ይታገላችኋል። ስለዚህ ሳይሞክሩት ባይገዙት ይመረጣል። «ኢኤፍ» ጫፉም ብዙ ጊዜ ከፓይለት «ኤፍ» አይቀጥንም። ጥሩ ጎኑ ጫፉ ተስቦ መውጣቱ ነው። ወፍራም ከሆነባችሁ ጫፉን ብቻ ገዝታችሁ ትለውጣላችሁ። ለግራ እጅ ጸሐፊ የተሠራ ጫፍም አለው። ባለ 1.1 ሚሊ ሜትር ጠፍጣፋ ጫፍ ስትገጥሙለት ደግሞ ቁልቁሉ ይወፍራል፣ አግድሙ ይቀጥናል። የብራና ጽሑፍ በመቃ ብርዕ የሚያገኘውን መልክ ለሚወድ ደስ ይላል፤ ግን ለትልልቅ ፊደል ብቻ። ከጠርሙስ ቀለም መሳቢያው፣ ኮንቨርተር የሚባለው፣ ብዙ ጊዜ ለብቻው ስለሚሸጥ ዋጋውን ደምሩበት። አስመስሎ የተሠራ ሳፋሪም በገበያ ላይ ሞልቷል።

የቻይናው ጂንሃው 82 የጃፓኑን ሴይለር መልክ የተከተለ ትንሽ ብዕር ነው። ከ10 ዶላር በታች ነው፣ መሳቢያውም አብሮት ይመጣል። ጥራቱ ግን ዕጣ እንደማውጣት ነው፦ አንዱ እንደ ቅቤ ይሄዳል፣ ሌላው ወረቀት ይቧጥጣል። ለስጦታ አልመክረውም። ለራስ ግን «ኢኤፍ» ጫፍ ያለው ሁለት ገዝቶ የተሻለውን ማስቀረት ያዋጣል።

ገንዘብ የሚቆጠበው ከብዕሩ ይልቅ በቀለሙ ነው። አንድ የፓይለት ካርትሪጅ የሚይዘው 0.9 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። ስለዚህ 30 ሚሊ ሊትር የምትይዝ ትንሽ የዳያሚን ጠርሙስ ከ30 በላይ ካርትሪጅ ትተካለች። ዳያሚን የእንግሊዝ ነው፤ የቀለም ምርጫው ብዙ፣ ዋጋውም ደህና ነው። ለተራ ደብተር ግን ፔሊካን 4001ን አስቀድማለሁ። ቆጠብ ብሎ ስለሚፈስ መስመሩን ያቀጥናል፤ ወረቀቱም ቶሎ አይመጠውም። ሰማያዊው፣ «ሮያል ብሉ» የሚባለው፣ ውኃ ሲነካው ይለቃል። ለማስታወሻ ይሆናል፣ ለውልና ለማመልከቻ አይሆንም። ለዚያ ፕላቲነም ካርቦን ብላክ አለ፤ ውኃ አያስለቅቀውም። ብዕር ውስጥ ከደረቀ ግን ማጽዳቱ መከራ ስለሆነ፣ በደንብ በሚዘጋው ፕረፒ ውስጥ ቢገባ ይሻላል። የጃፓኑ ኢሮሺዙኩ ውብ ነው፤ ዋጋው ግን ለጀማሪ ብዕር ይበዛል። የማህተም ቀለም ወይም ለሥዕል የሚሸጥ ሙጫ ያለው ቀለም ፈጽሞ አትጨምሩ፣ ብዕሩን ይደፍነዋል።

ብዕሩን ከውጭ የሚያመጣላችሁ ሰው ካለ፣ ብዕሩ በቀለም ጢም ብሎ የሞላ ወይም ጨርሶ ባዶ ይሁን፣ ጫፉም ወደ ላይ ይቁም በሉት። ግማሽ ከሆነ ውስጡ ያለው አየር በበረራ ላይ ሲለጠጥ ቀለሙን ገፍቶ ያስወጣዋል። የ30 ሚሊ ሊትሯ ጠርሙስ በእጅ ሻንጣ ከሚፈቀደው 100 ሚሊ ሊትር በታች ናት፤ በላስቲክ ከረጢት ታስራ አብራው መግባት ትችላለች።