ኤሲያችሁ አልበራ ካለ ይሄን ልጅ ጥሩት

ጥሩ ባለሙያ አግኝቶ ዝም ማለት ንፉግነት ይመስለኛል። ሥራ ሲያበላሹብን ለማማረር የሚቀድመን የለም። አሳምረው ሲሠሩልን ግን ሒሳብ ከፍለን፣ «እግዜር ይስጥልኝ» ብለን በሩን እንዘጋለን። ስለዚህ ዛሬ ኤሲያችንን ለሠራልን ቴክኒሻን በአደባባይ ምስጋና ላቅርብ። ጽሁፉ ረዘም ይላል። እንዴት እንደሠራ ካልነገርኳችሁ «ጎበዝ ነው» ማለቴ ብቻውን አይጠቅማችሁም።

መብራት ሄዶ ሲመጣ የሳሎኑ ኤሲ ዝም አለ። ሪሞቱ ሲነካ «ጢጥ» የምትለው ድምፅ የለችም። ፊቱ ላይ ያለችው መብራት አትበራም። የአየር መውጫው ክንፍም ንቅንቅ አይልም። ፍሪጁም ቴሌቪዥኑም ግን ደህና ናቸው። እናቴ በዕድሜ የገፋች ናት፤ ሙቀት ሲበረታ ትንፋሽ ያጥራታል። ስለዚህ ነገሩ ለነገ የሚባል አልነበረም።

መጀመሪያ የመጣው ሠራተኛ ማን እንደሆነ አልናገርም። ሽፋኑን እንኳ ሳያወርድ ቀና ብሎ አየውና «ቦርዱ ተቃጥሏል፣ ሙሉ ቦርድ ይገዛ። ጋዙም ሳያልቅ አይቀርም፣ እሱንም እንሞላዋለን» አለ። ቦርዱስ፣ ማለትም ኤሲውን የሚያዘው የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ፣ ይሁን እሺ። ጋዙን በምን አወቀው?

ይቺን የጋዝ ነገር እዚሁ ላንሳት፤ ብዙ ሰው የሚበላባት እሷ ናት። የኤሲ ጋዝ በተዘጋ ቱቦ ውስጥ የሚዞር ነገር ነው። ሲሠራ ስለዋለ አያልቅም። ከቀነሰ የሆነ ቦታ እየሾለከ ነው ማለት ነው፣ ያ ቦታ ሳይፈለግ መሙላት ደግሞ ገንዘብ መበተን ነው። ከሁሉ በላይ ግን ጋዙ የቀነሰ ኤሲ ይበራል። አየር ይነፍሳል፣ የሚነፍሰው አየር ግን አይቀዘቅዝም። አንዳንዴ ቱቦው ላይ በረዶ ይሠራል። መብራቷ ጭራሽ ያልበራች ኤሲ ችግሯ የኤሌክትሪክ ነው። የጋዝ ወሬ የሚያመጣባት ሰው ካለ በትህትና ሸኙት። እኔም ሸኘሁት።

የዛሬውን ልጅ የጠቆመችኝ ጎረቤታችን ናት። ስደውልለት «መጣሁ» አላለኝም። መጠየቅ ጀመረ።

«እትዬ፣ ሪሞቱ ላይ ቁጥር ይታያል?» አለኝ። ይታያል። «እንግዲያው የስልክዎን ካሜራ ይክፈቱ፣ በራስዎ በኩል ያለውን። የሪሞቱን ጫፍ ወደ ካሜራው ያዙሩና ይጫኑ።» ስጫን ስክሪኑ ላይ ነጣ ያለች ብርሃን ብልጭ ብልጭ አለች። ሪሞት የሚልከው ጨረር ለዓይን አይታይም፤ ካሜራ ግን ያየዋል። የጀርባው ካሜራ ብዙ ጊዜ ማጣሪያ ስላለው ነው የፊቱን ያስከፈተኝ። እኔ በዚህ ዕድሜዬ ይሄን የነገረኝ ሰው አልነበረም!

ቀጥሎ የኤሲውን የፊት ክዳን አስነሳኝ። በስተቀኝ በኩል ትንሽ ቁልፍ አለች፤ ሪሞት ሲጠፋ ወይም ባትሪ ሲያልቅ ኤሲውን በእጅ ማስነሻ ናት። አብዛኛው ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ኤሲ ይቺ ቁልፍ አለችው። በእሷ ከበራ ጥፋቱ የሪሞቱ ወይም የሪሞቱን ጨረር የሚቀበለው ክፍል ነው ማለት ነው። የኛው በእሷም አልበራም።

ከዚያ ወደ ብሬከሩ ላከኝ። «ሙሉ በሙሉ ወደ ታች ያውርዱትና መልሰው ያንሱት» አለ። የወደቀ ብሬከር አንዳንዴ መሐል ላይ ስለሚቆም ያልወደቀ ይመስላል። «መልሶ ከወደቀ ግን እንዳይደግሙት፣ ሾርት አለ ማለት ነው» ብሎ አስጠነቀቀኝ። ሾርት ማለት መነካካት የሌለባቸው መስመሮች ተገናኝተው ብዙ ኃይል ሲያልፍ ነው። የኛ አልወደቀም። የተቃጠለ ነገር ሽታ መኖሩንም ጠየቀኝ። ሽታ የለም። «በቃ ብሬከሩን አውርደው ይተዉት፣ እመጣለሁ» አለ።

ልብ በሉ። እስካሁን አምስት ሳንቲም አልከፈልኩትም። ከነዚህ ጥያቄዎች በአንዱ ኤሲው በርቶ ቢሆን ኖሮ ሥራው በስልክ ያመልጠው ነበር። እያወቀ ጠየቀኝ። እኔ ሰውየውን ያመንኩት ገና ፊቱን ሳላየው ነው።

መጣ፤ አረፈደ እንጂ መጣ። መሰላሉን ዘርግቶ ወደ ኤሲው ይወጣል ብዬ ስጠብቅ ቴስተሩን ይዞ ወደ ብሬከሩ ሄደ። ከብሬከሩ ጀምሮ መስመሩን ተከትሎ እየለካ መጣ። ብሬከሩ ጋ ኤሌክትሪክ አለ። ከኤሲው አጠገብ ያለው ማጥፊያ ጋ አለ። የኤሲው ሽቦ መግቢያ ላይም 220 ቮልት ገደማ አለ። «ኤሌክትሪኩ ደጃፉ ድረስ ይመጣል፣ ወደ ውስጥ ግን አይገባም» አለኝ። በዚች አንድ ዓረፍተ ነገር ግማሹ ቤት ከተጠርጣሪነት ነጻ ወጣ።

ብሬከሩን አወረደ። አውርዶም አላመነውም፤ ሽቦው ላይ ምንም አለመኖሩን በቴስተሩ አረጋገጠና ነው ሽፋኑን የፈታው። አንዲት ሽቦ ከመንቀሉ በፊት ሁሉንም በስልኩ ፎቶ አነሳ። ቦርዱን አውጥቶ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠልኝና «ይምጡ ይዩ» አለኝ።

ቦርዱ ላይ ፊውዝ አለች፤ ኃይል ሲበዛ ተበጥሳ መስመሩን የምትቆርጥ፣ 20 ሚሊሜትር የምትረዝም የመስታወት ቱቦ ናት። ውስጧ ጥቁር ሆኗል። ጥቁረቱ ራሱ ይናገራል አለኝ። ሽቦዋ ብቻ ተበጥሳ መስታወቱ ንጹሕ ቢሆን ኖሮ ጭነቱ በመጠኑ አልፎባት ነው እንል ነበር። እንዲህ ስትጠቁር ግን በቅጽበት ብዙ ኃይል አልፎባታል፣ የሆነ ቦታ ሾርት አለ። አጠገቧ ሰማያዊ ክብ ነገር አለ፣ ቫሪስተር ይባላል። በደህናው ጊዜ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። መስመሩ ላይ ቮልቴጅ በድንገት ሲዘል ግን በሩን ከፍቶ ኃይሉን በራሱ በኩል ያሳልፈዋል። ዝላዩ ከበረታ ፊውዟ ትበጠሳለች፣ የቀረው ቦርድ ይተርፋል። ዘበኛ በሉት፤ ጌታውን አድኖ ራሱ የሚሞት።

የኛም እንዲሁ ነው የሆነው። መብራቱ ሲመለስ ቮልቴጁ ዘለለ፣ ቫሪስተሩ ሾርት ሆኖ ቀረ፣ ፊውዟ ተበጠሰች። የቤቱ ብሬከር ያልወደቀው ፊውዟ ከሱ በጣም አነስተኛ ስለሆነች ቀድማው ነው። «ተቃጥሏል፣ ይገዛ» የተባለው ቦርድ ደህና ነበር።

የወደድኩለት ነገር እዚህ ላይ ነው። ፊውዟን ብቻ ቀይሮ ማብራት ይችል ነበር። ያን ጊዜ አዲሷም በዚያው ቅጽበት ትበጠሳለች፣ ከዚያ «እንግዲህ ቦርዱ ነው» ለማለት መንገዱ ክፍት ነው። እሱ ግን «ፊውዝ ዝም ብሎ አይበጠስም፣ ገዳዩን ሳላገኝ አልቀይርም» አለ። ቫሪስተሩን ከቦርዱ ነቅሎ ለካው። ሾርት። እሱ ከወጣ በኋላ ቦርዱን ድጋሚ ለካ። ሾርቱ የለም። ገዳዩ ተገኘ።

የተካውም በተመሳሳይ ዕቃ ነው። ፊውዟ ጫፍ ላይ በደቃቅ ጽሕፈት 3.15 አምፔር 250 ቮልት ይላል፤ ቲ የምትል ፊደልም አለች፣ ዘግይታ የምትበጠስ ዓይነት ማለት ነው። ልክ እሷኑ አወጣ። አንዳንዱ ሠራተኛ ፊውዝ ሲያጣ በቀጭን ሽቦ ወይም በአልሙኒየም ወረቀት ያገናኘዋል። ኤሲው ይበራል፣ ደስ ይለናል። በሚቀጥለው የቮልቴጅ ዝላይ ግን የሚቃጠለው ቦርዱ ራሱ ነው፣ ሲብስም ቤቱ። እንዲህ ሲያደርግ ያያችሁትን ሰው አስቁሙት።

ገጥሞ ሲጨርስም በቀጥታ መስመር ላይ አልሰካውም። ከቦርሳው የድሮ አምፖል ከነሶኬቱ አወጣና በመስመሩ ላይ በተርታ ቀጠለው። ሾርት ቀርቶ ቢሆን አምፖሉ ቦግ ብሎ ይበራል፣ ኃይሉን እሱ ይዞት ቦርዱ አይጎዳም። አምፖሉ ለአፍታ ፈዘዝ ብሎ በራና ጠፋ። ያኔ ፈገግ አለ። ከዚያ በኋላ ነው አምፖሉን አንስቶ በቀጥታ ያገናኘው።

«ጢጥ» አለ! እናቴ ከመኝታ ቤት ሆና «ተመስገን» አለች።

ከቤት ውጭ ያለው የኤሲው ክፍል ግን አልተነሳም። ማራገቢያው ቆሟል። እኔ ደንግጬ ሪሞቱን ላነሳ ስል «እትዬ፣ አይንኩት፣ ሦስት ደቂቃ ይጠብቁ» አለኝ። ኮምፕረሰር፣ ጋዙን እየጨመቀ የሚያዞረው ሞተር፣ ሲቆም የጋዙ ግፊት በአንድ በኩል ከፍ፣ በሌላው ዝቅ ብሎ ይቆያል። ሁለቱ እስኪተካከሉ ካልተጠበቀ ሲነሳ ይታነቃል። ስለዚህ ቦርዱ ራሱ ሆን ብሎ ያዘገየዋል። ሰው ይሄን ባለማወቅ «አልነሳም» ብሎ ያጠፋዋል፣ ያበራዋል፣ ቆጠራው እንደገና ከዜሮ ሊጀምር ይችላል። ጠበቅን። «ጠቅ» አለና ተነሳ። በዚያው የሪሞቱን ቁጥር አሳየኝ። ማቀዝቀዝ ከፈለጋችሁ የምትመርጡት ዲግሪ ከቤቱ ሙቀት በታች መሆን አለበት። ቤቱ 26 ሆኖ ሪሞቱ 28 ላይ ከሆነ የውጩ ክፍል አይነሳም፣ ኤሲውም ጤነኛ ነው።

ብዙው ሠራተኛ እዚህ ላይ ዕቃውን ይሰበስባል። እሱ ግን የውጩ ክፍል ስንት አምፔር እንደሚስብ በመቆንጠጫ ቴስተር ለካና ጎኑ ላይ ከተለጠፈው ጽሕፈት ጋር አስተያየው። ልክ ነው። ከኤሲው አጠገብ ያለውን ማጥፊያ ሲፈታው አንዱ ብሎን ላልቶ፣ የሽቦው ልባስ ቡናማ ሆኖ አገኘው። የላላ ብሎን ይግላል፣ የጋለ ነገር ይቃጠላል። የተጎዳውን ጫፍ ቆርጦ፣ አዲስ ልጦ፣ አጥብቆ ገጠመው። ይሄን ማንም አልጠየቀውም። ባያደርገውም አላውቅበትም ነበር።

ስለ ጋዙ ጠየቅኩት። የሚወጣውን አየር ለካ፣ ቱቦዎቹን ዳሰሰ። «ጋዙ ደህና ነው፣ አይነካም» አለ። የኛ ኤሲ ኢንቨርተር ያልሆነው፣ ማለትም የኮምፕረሰሩን ፍጥነት እንደ አስፈላጊነቱ የማይቀያይረው የቀድሞው ዓይነት ስለሆነ፣ ኮምፕረሰሩ እንዲነሳና እንዲዞር የሚረዳውን ካፓሲተርም መርምሮ ጤነኛ ነው ብሎ መለሰው። መቀየር ቢፈልግ እኔ ምን አውቄ እከለክለው ነበር?

ስለ ካፓሲተር ካነሳሁ አንድ ነገር። ሪሞቱን፣ ያቺን ትንሽ ቁልፍና ብሬከሩን ራሳችሁ አረጋግጡ። የውጩን ክፍል ግን አትፍቱ። ካፓሲተር መብራቱ ከጠፋ በኋላም ኃይል ይዞ ይቆያል። ኢንቨርተር የሆኑት ደግሞ ቦርዳቸው ላይ ብሬከሩ ከወረደ በኋላ እንኳ 300 ቮልት ገደማ ሊቆይ ይችላል። እሱ ራሱ ኃይሉን ሳያስወጣ እጁን አላስገባም።

ሒሳቡን ያስከፈለኝ ለሁለቱ ዕቃዎችና ለሥራው ብቻ ነው። የተቀየሩትን አሮጌዎች እጄ ላይ ሰጠኝ፣ የአዲሶቹንም መጠን በወረቀት ጻፈልኝ። ሌላ ቀን ሌላ ሰው ቢመጣ ምን እንደተቀየረ እንዲያውቅ ነው። ደረጃውን የጠበቀ የቮልቴጅ መከላከያ እንድናስገባ መክሮናል፤ መብራት ሲመጣ ለጥቂት ደቂቃ አዘግይቶ የሚለቀውን ዓይነት። ከየት እንደምገዛው ግን አልነገረኝም። ኮሚሽን የለበትም ማለት ነው፣ ወይ ረስቶት ይሆናል።

ጉድለቱን ደብቄ ብጠቁማችሁ ምስጋናው ወሬ ይሆናል። ሰዓት ላይ ደካማ ነው። ሥራ ላይ ሆኖ ስልክ አያነሳም፣ ቆይቶ ግን መልሶ ይደውላል። ወሬ አይወድም፤ ስለ ዕቃው ካልጠየቃችሁት በስተቀር ዝም ነው። የፍሪጅና የልብስ ማጠቢያ ሥራም አይቀበልም፣ «አልተማርኩትም» ይላል። ይሄኛውን እንኳ እኔ ከጉድለት አልቆጥረውም።

ስልኩን እዚህ አልለጥፍም። የፈለጋችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እንድሰጥ ፈቅዶልኛል። ከመደወላችሁ በፊት የኤሲውን ዓይነትና ጎኑ ላይ ያለውን የሞዴል ቁጥር ጻፉ። ብልጭ ድርግም የምትል መብራት ካለች ስንት ጊዜ እንደምትል ቁጠሩ፤ እሷ የስህተት ኮድ ናት። ከመቆሙ በፊት መብራት ሄዶ እንደነበረም ንገሩት። ግማሹን ሥራ በስልክ ይጨርስላችኋል።

ወንድሜ፣ ይሄን ካየኸው እናቴ ሌሊቱን በሰላም ተኝታለች፣ መርቃሃለች። ሌሎቻችሁ ከሰዓት በኋላ ደውሉለት። ጠዋት ጠዋት መሰላል ላይ ነው፣ አያነሳም።