ዳታ ኬብል ስትገዙ፦ የትኛው ለየትኛው ዕቃ?

ስታዲየም ወይም ሜክሲኮ አካባቢ ካሉት የኮምፒውተር ዕቃ ሱቆች ወደ አንዱ ጎራ ብላችሁ «ታይፕ ሲ ኬብል አለ?» ብትሉ፣ ሻጩ መልካቸው አንድ፣ ዋጋቸው ግን የተራራቀ ኬብሎች ይደረድርላችኋል። ልዩነታቸው ውስጣቸው ነው። ስለዚህ የጫፉን ስም ብቻ አትጥሩ፤ ምኑን ከምን ጋር እንደምታገናኙ ንገሩት።

ኬብል መምረጥ በጣም የሚያስፈልገው ለኤክስተርናል ዲስክ ነው። ዩኤስቢ 2.0 በሰከንድ እስከ 480 ሜጋ ቢት ያስተላልፋል፤ 3.0 ደግሞ እስከ 5 ጊጋ ቢት። ይህ ወረቀት ላይ ያለው ነው (ስምንት ቢት አንድ ባይት ነው)። በተግባር በ2.0 የምታገኙት በሰከንድ ከ35 እስከ 40 ሜጋ ባይት ቢሆን ነው። የሠርግ ቪዲዮ የሚሠራ ሰው 100 ጊጋ ባይት ኮፒ ለማድረግ ከ40 ደቂቃ በላይ ይጠብቃል። በጥሩ ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ክፍል በሌለው ፈጣን ዲስክ) እና በ3.0 ኬብል ያው ሥራ በአምስት ደቂቃ ገደማ ያልቃል። መብራት በመሀል ሊሄድ እንደሚችል ስታስቡት ልዩነቱ ትልቅ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው የስልኩን ቻርጀር ኬብል ለዲስክ ሲጠቀም ነው። ከስልክ ጋር የሚመጣው ታይፕ ሲ አብዛኛውን ጊዜ ዳታ የሚያስተላልፈው በ2.0 ፍጥነት ነው። «ፋስት ቻርጅ» የተባለው ለባትሪው እንጂ ለፋይሉ አይደለም። ይባስ ብሎ፣ ቻርጅ ብቻ የሚያደርጉ፣ የዳታ ሽቦ ጨርሶ የሌላቸው ርካሽ ኬብሎችም አሉ። በእነሱ ዲስክ ብትሰኩ ኮምፒውተሩ አያየውም።

አንደኛው ጫፍ የተለመደው ሰፊ የዩኤስቢ ጫፍ ከሆነ፣ እዚያው ሱቅ ውስጥ ማጣራት ትችላላችሁ። የስልካችሁን መብራት አብሩና ወደ ውስጡ ተመልከቱ። 2.0 ከሆነ አራት የብረት መስመሮች ብቻ ታያላችሁ። 3.0 ከሆነ ከአራቱ ጀርባ፣ ወደ ውስጥ ገባ ብለው፣ ሌሎች አምስት ጥቃቅን ብረቶች አሉ። ፕላስቲኩ ሰማያዊ መሆኑ ብቻውን አይበቃም፤ አምስቱ ከሌሉ 3.0 አይደለም። ሁለቱም ጫፍ ታይፕ ሲ ከሆነ ግን በዓይን መለየት ይከብዳል። ያኔ ላፕቶፓችሁንና ኤስኤስዲያችሁን ይዛችሁ ሂዱና አንድ ትልቅ ፋይል ኮፒ አድርጉ። ፍጥነቱ 40 ሜጋ ባይት ላይ ከቆመ ኬብሉን መልሱለት።

ካርቶኑ ላይ «3.2 ጄን 1» የሚል ካያችሁም ያው 5 ጊጋ ቢት ነው። ስሙን ትታችሁ የፍጥነቱን ቁጥር ፈልጉ። ዲስካችሁ የሚሽከረከረው ሃርድ ዲስክ ከሆነ 5 ይበቃዋል፤ ለእሱ ባለ 10 ጊጋ ቢት መግዛት ብር ማባከን ነው። የብዙዎቹ ሃርድ ዲስኮች ኬብል ጫፉ ጠፍጣፋና ለሁለት የተከፈለ ነው። የድሮ ስልክ ኬብል በግማሹ ላይ ይገባል፣ ይሠራልም፤ ፍጥነቱ ግን ወደ 2.0 ይወርዳል። ርዝመቱንም አታብዙት። ኬብሉ ቀጭንና ረጅም ሲሆን ለዲስኩ በቂ ኃይል ስለማይደርሰው ይቋረጣል።

ፕሪንተር ላይ ብዙ አትጨነቁ። ካሬ ጫፍ ያለው ተራ 2.0 ኬብል ይበቃል፤ እስከ 5 ሜትር ድረስም ይሠራል። ወርቅ ተቀብቷል ተብሎ ለሚጨመር ዋጋ ምክንያት የለም። ኪቦርድና ማውዝም እንደዚሁ።

ሞኒተር ላይ ምርጫው ቪጂኤ ወይስ ኤችዲኤምአይ ነው። ሁለቱም ካላችሁ ያለማመንታት ኤችዲኤምአይ። ቪጂኤ አናሎግ ስለሆነ ኬብሉ ሲረዝም ምስሉ ይደበዝዛል፤ ድምፅም አያስተላልፍም። ለተራ ፉል ኤችዲ ሞኒተር ርካሹ ኤችዲኤምአይ በቂ ነው። 4ኬ (ከፉል ኤችዲ አራት እጥፍ ነጥብ ያለው ምስል) በ60 ኸርዝ፣ ማለትም በሰከንድ 60 ጊዜ የሚታደስ፣ ከፈለጋችሁ ግን በሰከንድ 18 ጊጋ ቢት የሚችል መሆኑን ጠይቁ። አሮጌ ፕሮጀክተር ላለበት አዳራሽ ከኤችዲኤምአይ ወደ ቪጂኤ የሚቀይር ስትገዙ አቅጣጫውን እዩ፤ የተገላቢጦሽ አይሠራም።

ከታይፕ ሲ ወደ ኤችዲኤምአይ የሚሄደው ኬብል ላይ ደግሞ ችግሩ ብዙ ጊዜ ኬብሉ ሳይሆን ላፕቶፑ ነው። ሁሉም የታይፕ ሲ ቀዳዳ ምስል አያወጣም። ከቀዳዳው አጠገብ የመብረቅ (ተንደርቦልት) ወይም የዲስፕሌይ ፖርት (ዲ እና ፒ ፊደሎች የተጣመሩበት) ምልክት ካለ ያወጣል። ምልክቱ ከሌለ የላፕቶፑን ሞዴል ኢንተርኔት ላይ ፈልጉ፤ ካልሆነም ሱቁ ውስጥ ሰክታችሁ ሞክሩ። ሻጩ «መሞከሪያ ሞኒተር የለኝም» ካለ፣ ካልሠራ እንደሚመልስላችሁ ደረሰኙ ላይ አስጽፉ። አልጽፍም ካለ ቀጣዩ ሱቅ ጥቂት እርምጃ ነው።