ሚዩራና ኦካዛኪ፦ በልጅነት መውጣት ወይስ በስሎ መውጣት?

ከጃፓን ወጥተው ብዙ አገር ከዞሩ የእግር ኳስ አጥቂዎች መካከል ካዙዮሺ ሚዩራና ሺንጂ ኦካዛኪ ፍጹም የተለያየ መንገድ ተከትለዋል። ሚዩራ እ.ኤ.አ. በ1982፣ ገና በ15 ዓመቱ፣ ትምህርቱን አቋርጦ ወደ ብራዚል ሲያቀና በአገሩ ፕሮፌሽናል ሊግ ስላልነበረ ሌላ ምርጫ ነበረው ለማለት ይከብዳል፤ በ1986 ለብራዚሉ ክለብ ሳንቶስ ፈርሞ፣ በ1990 ወደ አገሩ ተመልሶ፣ በ1993 የጄ ሊግ (የጃፓን ፕሮፌሽናል ሊግ) የመጀመሪያው ኮከብ ተጫዋች ሆነ። ኦካዛኪ ግን ወደ ጀርመኑ ሽቱትጋርት የሄደው በጃፓኑ ክለብ ሺሚዙ ኤስ ፐልስ ከበሰለ በኋላ፣ በ2011 ነው።

ልዩነታቸው ጎልቶ የሚታየው አውሮፓ ላይ ነው። ሚዩራ በጣሊያኑ ጄኖዋ ያስቆጠረው አንድ ግብ ብቻ ሲሆን፣ እርሱም (ለደጋፊው ደስታ) በከተማው ባላንጣ በሳምፕዶሪያ ላይ ነበር። ኦካዛኪ በማይንዝ በ2013/14 የውድድር ዘመን 15 የቡንደስሊጋ ግቦች ካስቆጠረ በኋላ በ2016 ከሌስተር ጋር የፕሪሚየር ሊግን ዋንጫ አነሳ። በዚያው ዓመት የቡድን አጋሩ ቫርዲ በግንባሩ የገጨለትን ኳስ፣ ጀርባውን ለግቡ እንደሰጠ በመቀስ ምት ከመረብ አሳርፎ ኒውካስልን 1 ለ 0 ያሸነፉበት ግብ ዛሬም ይታወሳል፤ ዋና ሥራው ግን ሳይታክት እየሮጠ ተከላካዮችን ማስጨነቅ ነበር።

ለብሔራዊ ቡድን ሚዩራ በ89 ጨዋታ 55፣ ኦካዛኪ በ119 ጨዋታ 50 ግብ አላቸው። ሆኖም ሚዩራ ከ1998ቱ ስብስብ በመቀነሱ የዓለም ዋንጫን ሳይጫወት ቀርቷል፤ ኦካዛኪ ግን በሦስት የዓለም ዋንጫዎች ተሰልፏል። አውሮፓን ለሚያልም አጥቂ የኦካዛኪን መንገድ እመርጣለሁ፤ ምንም እንኳ ሚዩራ በ56 ዓመቱ በፖርቱጋሉ ኦሊቬይሬንሴ መጫወቱ ለብቻው የሚደነቅ ቢሆንም።