90101፦ መታጠቢያ ቤት ተደብቄ የደወልኩለት ቁጥር

እዚህ ስቶክሆልም ስላሉት እንጀራ ቤቶችና ፀጉር ቤቶች ስጽፍ ነው የምታውቁኝ። የዛሬው ግን ራስን የማጥፋት ሐሳብ ሲመጣ ስለሚደወልበት አንድ ስልክ ቁጥር ነው።

ነገሩ ኅዳር ላይ ነው። እዚህ የኖረ ሰው ኅዳርን ያውቀዋል፤ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ይጨልማል። እኔ አረጋውያንን በየቤታቸው እየዞርኩ ስለምረዳ ፀሐይን የማያት በአውቶቡስ መስኮት ነው።

የአክስቴ ልጅ እኔ ጋ ነበር የሚኖረው። ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው። መጀመሪያ ዝም አለ። ጨለማው ነው ብዬ ተውኩት። ከዚያ ያበደርኩትን 500 ክሮና አምጥቶ ከፈለኝ። ስንት ወር አጠራቅሞ የገዛውን ጃኬት ለሥራ ባልደረባው ሰጠው። አንድ ማታ ሽንኩርት እየከተፍኩ ሳለ፣ «ዕቁቤ ሲደርስ አንቺ ውሰጂው» አለኝ። ቢላውን አስቀመጥኩት። ዕቁቡን ለሰው የሚሰጥ ሐበሻ አይታችሁ ታውቃላችሁ?

በማግስቱ አንድ ጤና ጣቢያ ደወልኩ። ስሙን አልጠራም። ማሽኑ ሲያናግረኝ ቆይቶ የዛሬው ወረፋ ሞልቷል፣ ነገ ጠዋት ደውዪ አለኝ። የስዊድን ፓርላማ በፈረንጆቹ 2008 ራስን ማጥፋት ብቸኛ መውጫው የሚመስለው ሰው መኖር የለበትም የሚል ራእይ አጽድቋል። ጥሩ ወረቀት ነው። ማሽኑ ግን ያነበበው አልመሰለኝም።

ያን ሌሊት እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ መታጠቢያ ቤት ገባሁ፤ እንዳይሰማኝ ቧንቧውን ከፈትኩና 90101 ደወልኩ። ሼልቭሙርድስሊንየን ይሉታል፤ «የራስ ማጥፋት መስመር» እንደ ማለት ነው። ማይንድ የሚባል ድርጅት ነው የሚያስኬደው። ቀንም ሌሊትም ክፍት ነው፤ መናገር ለከበደው ሰው ቻት አለው፤ ስም መናገር ግዴታ አይደለም። እስከዚያ ቀን ድረስ ሐሳቡ ላለበት ሰው ብቻ ይመስለኝ ነበር። ለዘመድም ለጓደኛም ነው ለካ።

ያነሳችው ሴት ድምጿ የትልቅ ሰው ነው። መስመሩ ላይ የሚቀመጡት ሠልጥነው በፈቃደኝነት የሚያገለግሉ ሰዎች ናቸው። የኔ ስዊድንኛ ለኪኒንና ለገንፎ የሚበቃ ነው፤ በዚያ ላይ አለቅሳለሁ። አላቋረጠችኝም። ስጨርስ፣ «እሱን ጠይቀሽዋል?» አለችኝ።

ምን ብዬ?

«ራሱን ለማጥፋት አስቦ እንደሆነ።»

እኛ እንዲህ ያለ ነገር አንጠይቅም፣ ሟርት ነው። «ምነው ከሳህ?» እንላለን። «ብላ እንጂ» እንላለን። «አይዞህ» እንላለን፣ እሱ ደግሞ «እሺ» ይላል፣ በዚያው እንለያያለን። ካነሳሁት ሐሳቡን እኔው የማስገባበት መሰለኝ፤ ይህንኑ ነገርኳት። አይደለም አለች። መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣበትም፤ ብቻውን ተሸክሞት ከነበረ እንዲያውም ያቀልለታል። ቀጥላ ጥያቄውን ጮክ ብዬ እንድለማመደው አደረገችኝ። በስዊድንኛ ወዲያው ወጣልኝ፤ የሰው ቋንቋ ነው፣ አያቃጥልም። «አሁን በራስሽ ቋንቋ በይው» ስትለኝ ምላሴ ተሳሰረ። ሁለቴ ጀምሬ ተውኩት። «ራስህን ለማጥፋት አስበሃል ወይ?» በሦስተኛው ወጣ። አንዲት ቃል ሳይገባት ዝም ብላ አዳመጠችኝ።

ከመዝጋታችን በፊት ሁለት ነገር አስጠነቀቀችኝ። አዎ ካለሽ ብቻውን አትተዪው። አሁኑኑ አደጋ ላይ ከሆነ 112 ደውዪ።

ወጣሁ። ሶፋው ላይ ነቅቶ ተቀምጧል። ጠየቅኩት። መጀመሪያ ያለኝ፣ «ቧንቧው እየፈሰሰ ነው» ነው። ሄጄ ዘጋሁት፤ ተመልሼ አጠገቡ ተቀመጥኩ። «አዎ» አለ።

በዚያው ሌሊት ታክሲ ይዘን የአእምሮ ሕክምና ድንገተኛ ክፍል ሄድን። አልገባም ብሎ በር ላይ ቆሞ ነበር። የፈራው ሐኪሙን አይደለም፤ አስተርጓሚውን ነው። የሐበሻ መንደር ትንሽ ናት፤ አስተርጓሚው የአንዱ ባል ቢሆንስ? አስተርጓሚ በሕግ ምስጢር ጠባቂ ነው፤ በስልክም ስለሚሠራ ፊት ለፊት አይተያዩም። ይህን ስነግረው ነው የገባው።

ጉድለቱን ልናገር። 90101 ላይ አማርኛ አትጠብቁ። ስዊድንኛ ገና ያልያዘ ሰው አጠገቡ የሚደውልለት ያስፈልገዋል፤ ከባድ ሌሊት ላይ ደግሞ ያ የሚደውልለት ሰው ራሱ አይገኝም። ሆስፒታል ውስጥ ግን አስተርጓሚ ጠይቁ፤ በእጅ ምልክት አትጨነቁ።

ሌሎቹን በአጭሩ። ልጃችሁ ከ18 ዓመት በታች ከሆነ ብሪስ የሚባል የልጆች መስመር አለ፣ ቁጥሩ 116 111 ነው። ሌሊት 112 ደውሎ ተረኛ ቄስ ማስጠራት ይቻላል፤ ቤተ ክርስቲያን ሳሚ መሆን አይጠበቅባችሁም። የጤና ምክር ለመጠየቅ 1177። ስቶክሆልም ውስጥ ደግሞ በፈረንጆቹ 2015 የተጀመረ የአእምሮ ሕመም አምቡላንስ አለ፤ ሁለት የአእምሮ ሕክምና ነርሶች ይዞ ነው የሚመጣው። ይህን የነገረችኝ እዚያው ድንገተኛ ክፍል ያገኘኋት ነርስ ናት። አሥር ዓመት እዚህ ኖሬ አንድ ሰው ነግሮኝ አያውቅም፤ ስለ ቅናሽ ሱቅ ግን በየቀኑ ነው የሚነገረኝ።

ኮከብ ስጪ ካላችሁኝ አምስት። አንዱን የምሰጠው ቋንቋዬን ሳታውቅ በቋንቋዬ ላስለማመደችኝ ሴት ብቻ ነው።

ልጁ አሁንም ሐኪም ጋ ይመላለሳል። አንዳንድ ሳምንት ይከብደዋል፤ ሲከብደው ግን ይነግረኛል። ዕቁቡ የካቲት ላይ ደረሰው፣ ራሱ ወሰደው። የሰጠውን ጃኬት ማስመለስ አፍሮ አዲስ ገዛበት። ቀለሙ አያምርም።