የንግግር ቴራፒ፦ በትምህርት ቤት ወይስ በግል ክሊኒክ?

አሜሪካ ላለን ወላጆች ሁለት መንገድ አለ። አንዱ በመንግሥት ትምህርት ቤት በኩል ነው። አይዲኢኤ የተባለው የልዩ ፍላጎት ትምህርት ሕግ ከ3 እስከ 21 ዓመት ላሉ ብቁ ልጆች ቴራፒውን በነጻ ያስገኛል። ልጁ እንዲገመገም ጥያቄያችሁን ለትምህርት ቤቱ በጽሑፍ አቅርቡ። ስለ ልጁ ከትምህርት ቤቱ ጋር ለምታደርጉት ስብሰባ አስተርጓሚ ጠይቁ፤ መብታችሁ ነው፣ አትፈሩ። ችግሩ ትምህርት ቤት የሚያተኩረው ለትምህርቱ በሚያስፈልገው ላይ ነው። ብዙ ጊዜም ልጆቹ በቡድን ነው የሚማሩት።

የግል ክሊኒክ ቤት ውስጥ የሚያስቸግረውንም ይሠራል። ኢንሹራንሳችሁ ስንት ቀጠሮ እንደሚሸፍን ግን አስቀድማችሁ ጠይቁ።

እኔ ከትምህርት ቤቱ ጀምሩ እላለሁ። የግል ባለሙያ ግምገማ ካላችሁ የልጁን አይኢፒ (ለእሱ ብቻ የሚዘጋጀውን የትምህርት ዕቅድ) ለሚያወጣው የትምህርት ቤቱ ቡድን ስጡ፤ የማየት ግዴታ አለባቸው። አማርኛውን ተዉት የሚላችሁ ካለ ደግሞ አትስሙ። ሁለት ቋንቋ መስማት የንግግር ችግር አያመጣም።