ደርግ የወሰደው ቤት፦ ማመልከቻ ወይስ ክስ?

ደሴ ውስጥ ከሸዋ በር እስከ ፒያሳ፣ ደርግ የወሰደባቸውን ቤት ዛሬም በዓይናቸው የሚያዩ ቤተሰቦች አሉ። ልጆቹ የሚጠይቁት ያው ነው፦ መንግሥት ዘንድ እናመልክት ወይስ ክስ እንመስርት?

ከምርጫው በፊት ቤቱ እንዴት እንደተወሰደ ይጣራ። አዋጅ ቁጥር 47/1967 ለአንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ትቶ ትርፉን ወርሷል። በዚያ መሠረት የተወሰደን ቤት ማስመለስ እጅግ ከባድ ነው፤ ያማል፣ ግን እውነቱ ይነገር። ከአዋጅ ውጭ፣ በካድሬ ትእዛዝ የተነጠቀ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። አዋጅ ቁጥር 110/1987 የወጣው እንዲህ ያሉ ንብረቶች እንዲታዩ ነው።

ማመልከቻ ወጪው ቀላል ነው። ችግሩ መጉላላቱ ነው፤ «ነገ ና» ማለቂያ የለውም። ስለዚህ የምትሰጡት ወረቀት ሁሉ ቀሪ ይኑረው፣ መልሱንም በጽሑፍ ጠይቁ።

ክስ የዳኝነት ክፍያና የጠበቃ ገንዘብ ይጠይቃል። አቅም የሌለው በደሃ ደንብ፣ ማለትም የዳኝነት ክፍያ ሳይከፍል፣ መክሰስ ይችላል። ዳኛው ግን መጀመሪያ «ይህን የማየት ሥልጣን አለኝ ወይ?» ብሎ ይመረምራል። ብዙ መዝገብ የሚዘጋው እዚያው ላይ ነው።

እኔ ማመልከቻውን አስቀድማለሁ። ቤቱን የያዘው ግለሰብ ከሆነና መንግሥት የወረሰበት ሰነድ ከሌለ ግን ፍርድ ቤት ይሻላል። በሁለቱም መንገድ የወራሽነት ማስረጃና የድሮ የግብር ደረሰኝ ያስፈልጋል። አዛውንት ምስክሮች በሕይወት ሳሉ ዛሬውኑ አነጋግሯቸው።